የቤት ክዳንና የመድን ውል

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ፥ ቀጥሎም ስለ ግድግዳው ነው። ክዳኑን ግን አንድ ጊዜ ካለበሰው በኋላ ቀና ብሎ የሚያየው ውሃ ማፍሰስ የጀመረ ዕለት ነው። ይሁን እንጂ ቤትን ቤት የሚያሰኘው ክዳኑ ነው፤ ክዳን የሌለው ግድግዳ አጥር እንጂ ቤት አይባልም። የኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ማዘዙ፥ የቤት ጌታ ስለ ጣራው በሕግ ፊት የሚጠየቅበት ነገር እንዳለ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን ያስረዳል።

በዛሬው ዘመን በአሜሪካ አገር ይህ ነገር በሌላ መንገድ ተገልጦ ይታያል። በዚያ አገር የቤቱ ክዳን ዕድሜና ጥንካሬ፥ ባለቤቱ በየዓመቱ የሚከፍለውን የመድን ገንዘብ የሚወስን፥ ከዚያም አልፎ ቤቱ መድን የሚያገኝ ወይም የሚያጣ መሆኑን የሚቈርጥ ነገር ሆኗል። ይህ ልማድ በመሠረቱ ቅን ነው፤ ክዳኑን የሚጠብቅ ሰው ከማይጠብቀው ያነሰ ቢከፍል ፍርድ አልተጓደለም። ነገር ግን ክዳኑን ለማደስ ዐቅም ያጣውን ሰው የሚረዳ ሥርዓት ካልተጨመረበት፥ ቅንነቱ በመንገድ ቀርቶ ድኻውን ከቤቱ የሚያወጣ ይሆናል። የነገሩን ሥር ለመመርመር ያህል በዚያ አገር የሆነውን በዝርዝር መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመድን ውል ማለት ብዙ ሰዎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፥ ከመካከላቸው ጉዳት የደረሰበትን ሰው የሚያቋቁሙበት ስምምነት ነው። ገንዘቡን የሚሰበስበው ኩባንያ የእያንዳንዱን መዋጮ ልክ የሚቈርጠው፥ በዚያ ቤት ላይ ጉዳት ይደርሳል ተብሎ የሚጠረጠረውን ያህል መዝኖ ነው። ታዲያ ዐውሎ ነፋስና በረዶ በሚበዛበት አገር ከቤቱ አካል ሁሉ አስቀድሞ የሚመታው ክዳኑ ስለ ሆነ፥ የኩባንያው ዐይን ከሁሉ በፊት ወደ ክዳኑ ይመለከታል።

ነፋስ ክዳንን የሚጎዳው ብዙ ሰው እንደሚመስለው በመግፋት ብቻ አይደለም። ኀይለኛ ነፋስ በጣራ ላይ ሲያልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ይህም መሳብ ከመካከሉ ይልቅ በጠርዙና በማዕዘኑ ይበረታል። ከጠርዙ አንዲት ቅጠል ክዳን ከተነሣች ነፋሱ ሌላዋን ያገኛል። ክዳኑ ሲገፈፍ ከሥሩ የተነጠፈው ሳንቃ ወይም ኮምፔንሳቶ ይገለጣል፤ ዝናቡም በመጋጠሚያው እየሰረገ ኮርኒሱን ያፈርሳል፥ ግድግዳውን ያበሰብሳል፥ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ በጣራ ላይ የጀመረው ትንሽ ጉዳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ የቤቱን ሙሉ ዋጋ የሚያህል ኪሣራ ይሆናል። ለአንድ ምስማር ያልወጣ ገንዘብ ለአንድ ቤት ይወጣል ማለት ነው።

ይህ እውነት በግልጥ የታየው በ1992 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ወር ውስጥ፥ አንድሩ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የፍሎሪዳን ደቡብ በመታ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የመድን ኩባንያዎች የከፈሉት ካሣ በዘመኑ ገንዘብ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረ፤ አያሌ ኩባንያዎችም ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ተዘጉ። ዐዋቂዎች ፍርስራሹን በመረመሩ ጊዜ፥ በብዙ ቤት ላይ የክዳኑ ሳንቃ ከወራጁ ጋር በሚገባ ያልተመታ፥ ምስማሩም እንጨቱን ስቶ በባዶ የወረደ ሆኖ አገኙት። ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ አልነበረም፤ የሠራተኛው ቸልታና የተቈጣጣሪው ዝምታም ተካፋዮች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የፍሎሪዳ መንግሥት በግዛቱ ሁሉ የሚጸና አንድ የቤት አሠራር ደንብ አውጥቶ ከ2002 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለ። የዚህም ደንብ ፍሬ ከጊዜ በኋላ ታየ። ፑንታ ጎርዳ የምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ በ2004 ቻርሊ በተባለው ዐውሎ ነፋስ ክፉኛ ተጎድታ ነበር፤ ቤቶቿም በአዲሱ ደንብ እየታደሱ ተሠሩ። በ2022 ኢያን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በዚያው አካባቢ በደረሰ ጊዜ በአዲሱ ደንብ ከተሠሩት ቤቶችና ክዳኖች የሚበልጡት በቀላል ጉዳት አመለጡ። ደንብ በወረቀት ላይ ሲነበብ ከባድ ይመስላል፤ በዐውሎ ነፋስ ማግስት ግን ዋጋው ይታወቃል።

ከዚህ የተነሣ አዲስ ክዳን ያለው ቤት በመድን ውል ሁለት ጥቅም ያገኛል። አንደኛው የዓመቱ ክፍያ መቀነስ ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ኩባንያዎች ቤቱ ነፋስን እንዲቋቋም ለተደረገለት ሥራ ከክፍያው ውስጥ ስለ ነፋስ ከሚታሰበው ክፍል እንዲቀንሱ ግዴታ አለባቸው። ቅናሹን ለመስጠት የሚላከው መርማሪ የሚጠይቀው ክዳኑ መቼ ተሠራ ብሎ ብቻ አይደለም። ሳንቃው በምን ዐይነት ምስማር፥ በምን ያህል ርቀት ተመታ፤ ወራጁ ከግድግዳው ጋር በብረት ማሠሪያ ተያይዟል ወይስ በምስማር ብቻ ቆሟል፤ ክዳኑ በአራቱም ወገን ተዳፋት ያለው ነው ወይስ በሁለት ወገን ብቻ፤ ክዳኑ ቢገፈፍ ውሃውን የሚያግድ ሁለተኛ ልባስ ከሥር አለው ወይስ የለውም፤ መስኮትና በሩስ መከላከያ አላቸው ወይ እያለ ይመረምራል። እንግዲህ አዲስነት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ትናንት የተሠራ ክዳን ምስማሩ እንጨቱን ከሳተ፥ አዲስ ቢባልም የቆየው በደኅና የተመታ ክዳን ይበልጠዋል።

በረዶ በሚበዛባቸው በቴክሳስ፥ በኮሎራዶ፥ በኦክላሆማና እነዚህን በመሰሉ ግዛቶች ደግሞ ክዳኑ የሚመዘነው በረዶን በመቋቋሙ ነው። በዚያ አገር አብዛኛው ቤት የሚለብሰው በሬንጅ የተሠራ፥ ቅጠል በቅጠል የሚደራረብ ክዳን ነው፤ ዕድሜውም እንደ ጥራቱና እንደ አገሩ አየር ከ15 እስከ 30 ዓመት ያህል ነው። የክዳኑ ዐይነት ሲፈተን ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የብረት ኳስ ከ6 ሜትር ከፍታ ሁለት ጊዜ በአንድ ስፍራ ላይ ይለቀቅበታል። ይህን ችሎ ያልተሰነጠቀ ክዳን አራተኛ ደረጃ የተባለውን ከፍተኛውን ማዕርግ ያገኛል፤ ብዙ ኩባንያዎችም ለዚህ ቅናሽ ይሰጣሉ። ነገር ግን ቅናሹን የሚቀበል ሰው ውሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፤ አንዳንዱ ውል ውሃ እስካላፈሰሰ ድረስ በረዶ የቆርቆሮውን ክዳን ቢያጎደጉደው ካሣ አልከፍልም የሚል ቃል ይዟልና።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ጥቅም ጉዳት በደረሰ ቀን የሚገኘው የካሣ ልክ ነው። የመድን ውል ክዳንን የሚክስበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ክዳኑን እንደ ገና ለማሠራት የሚያስፈልገውን ዋጋ ይከፍላል። ሁለተኛው ግን በአገልግሎት ያለቀውን ዕድሜ ቀንሶ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ክዳኑ የሚያወጣውን ዋጋ ብቻ ይከፍላል። ክዳኑ ሲያረጅ ብዙ ኩባንያዎች ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ያዛውሩታል፤ ባለቤቱም በየዓመቱ ከሚላክለት ወረቀት መካከል ይህን አንድ መስመር ሳያይ ያልፈዋል።

የዚህ አንድ መስመር ክብደት በቍጥር ሲታሰብ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በ400,000 ዶላር መድን የተገባለት ቤት አለው እንበል፤ ውሉም የነፋስና የበረዶ ጉዳት ሲደርስ ከዚህ ዋጋ ከመቶ 2፥ ማለት 8,000 ዶላር፥ ባለቤቱ ራሱ እንዲችል ያዝዛል። ክዳኑን ማሠራት 20,000 ዶላር ይፈጃል፤ ዕድሜው 20 ዓመት ተብሎ ተገምቶ 15 ዓመት አገልግሏል። በረዶ ክዳኑን ቢያጠፋውና ውሉ ሙሉውን የማሠሪያ ዋጋ የሚከፍል ቢሆን፥ ከ20,000 ላይ 8,000 ተቀንሶ 12,000 ዶላር ይደርሰዋል። ውሉ ያለቀውን ዕድሜ የሚቀንስ ከሆነ ግን ከ20,000 ላይ 15,000 ይቀነስና የክዳኑ ዋጋ 5,000 ብቻ ይሆናል፤ ይህም ባለቤቱ ራሱ ከሚችለው ከ8,000 ስለሚያንስ፥ ከኩባንያው አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ይህ ሰው በየዓመቱ ገንዘቡን ሳያጓድል ከፍሏል፤ መድን አለኝ ብሎም ተማምኗል። በችግሩ ቀን ግን መድኑ ስለ ክዳኑ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይገኛል።

ክዳኑ ካረጀ ኩባንያው ውሉን ጨርሶ አላድስም የሚልበት ጊዜም አለ። በፍሎሪዳ ይህ እየበዛ ስለ ሄደ ምክር ቤቱ በ2022 አንድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ክዳኑ 15 ዓመት ያልሞላውን ቤት ኩባንያ በዕድሜው ብቻ ምክንያት እንቢ ሊለው አይችልም። 15 ዓመት የሞላው ከሆነም ባለቤቱ በመርማሪ እንዲያስመረምር ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ ክዳኑ ገና 5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚያገለግል መሆኑ ከተመሰከረለት ኩባንያው በዕድሜው ብቻ ምክንያት ሊከለክለው አይችልም። ይህ ሕግ የተመሰገነ ነው። ሽማግሌ ሁሉ ደካማ፥ ጐልማሳ ሁሉ ብርቱ እንዳልሆነ፥ ክዳንም በተወለደበት ዓመት ብቻ ሊፈረድበት አይገባም፤ ታይቶና ተዳስሶ ሊፈረድለት ይገባል።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ክዳኑ በእውነት ያረጀበት፥ ለማደሻም ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ይሁን? በአሜሪካ አገር አብዛኛው ሰው ቤቱን የሚገዛው ከባንክ ተበድሮ ቤቱን መያዣ በማድረግ ነው፤ ባንኩም ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ባለቤቱ መድን ካጣ ባንኩ ራሱ መድን ገብቶ ሒሳቡን በባለቤቱ ላይ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለው መድን በዋጋው ከሌላው የበለጠ ውድ ሲሆን፥ በይበልጥ የሚጠብቀው የባንኩን ገንዘብ እንጂ የባለቤቱን ንብረት አይደለም። እንግዲህ 20,000 ዶላር ስላጣ ክዳኑን ያላደሰ ሰው ከፊተኛው የበለጠ ክፍያ ይጫንበታል፤ ይህንም መክፈል ያቃተው እንደ ሆነ ቤቱን እስከ ማጣት ይደርሳል። ቅናሹ የሚሰጠው አስቀድሞ ገንዘብ ለነበረው፥ ቅጣቱ የሚደርሰው ገንዘብ ላጣው ከሆነ፥ ይህ ሥርዓት ትጋትን የሚሸልም ሳይሆን ሀብትን የሚሸልም ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ የሰጠችው በአሜሪካ አገር ከባለጸጎቹ መካከል የማትቈጠረው የአላባማ ግዛት ናት። አላባማ በ2009 ባወጣችው ሕግ፥ በታወቀ ደረጃ ተጠናክሮ ለተሠራ ቤት ኩባንያዎች ቅናሽ እንዲሰጡ አዘዘች። ይህም ብቻውን እንደማይበቃ ተመልክታ፥ ባለቤቶች የሚኖሩበትን ቤት ክዳን እንዲያጠናክሩ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ የሚረዳ ድርጅት በ2011 በሕግ አቋቋመች፤ ርዳታውም ከ2016 ጀምሮ መሰጠት ጀመረ። ገንዘቡ የሚወጣው የመድን ኩባንያዎች ከሚከፍሉት መዋጮ ነው። ሥራው የሚታዘዘው እንዲህ ነው፦ ሳንቃው ጥርስ ባለው ምስማር ይመታል፤ የሳንቃው መጋጠሚያ ሁሉ ውሃ እንዳያሰርግ ይታሸጋል፤ ጠርዙም በጠንካራ ብረት ይያዛል። በመጨረሻም ከሠራተኛው የተለየ መርማሪ አይቶ ካልመሰከረ በቀር ገንዘቡ ለሠራተኛው አይከፈልም። በዚህ መንገድ ከርዳታውም፥ ከቅናሹም፥ በባለቤቶች ገንዘብም የተነሣ በዚያች ግዛት የተጠናከሩት ቤቶች በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሆነዋል። ሉዊዚያናም ይህን ምሳሌ ተከትላ ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ ርዳታ መስጠት ጀምራለች፤ የሚመዘገበው ሰው ከተመደበው ገንዘብ በልጦ ዕድሉ በዕጣ እንዲሰጥ መደረጉም የሕዝቡን ፍላጎት ያመለክታል።

አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን ይቃወማሉ። መንግሥት የሰውን ጣራ ማልበስ ሥራው አይደለም፤ እያንዳንዱ ለቤቱ ራሱ ያስብ ይላሉ። ይህ ንግግር ከላይ ሲታይ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ዐውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው የሚያስጠልለው፥ የሚመግበውና የሚያቋቁመው ያው መንግሥት ነው። የተገፈፈው ክዳን ጎረቤቱን ቤት ይመታል፤ የኩባንያዎቹም ኪሣራ በሚቀጥለው ዓመት በሁሉ ሰው ክፍያ ላይ ይጨመራል። እንግዲህ ጥያቄው መንግሥት ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ የሚል አይደለም፤ ከጥፋት በፊት ጥቂት ያውጣ ወይስ ከጥፋት በኋላ ብዙ ያውጣ የሚል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ አዲስ ክዳን ያለ ልክ የሚያመሰግኑ አሉ፤ ይልቁንም ክዳን የሚሠሩ ነጋዴዎች ወጪው በቅናሹ ሁሉ ይመለሳል እያሉ ይሰብካሉ። ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። የመድን ክፍያ የሚወጣውና የሚወርደው በክዳን ብቻ ሳይሆን በቤት ማሠሪያ ዋጋ፥ በክርክር ብዛትና ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከሌሎች ታላላቅ ኩባንያዎች በሚገዙት መድን ዋጋ ጭምር ነው። ስለዚህ ክዳኑን ያደሰ ሰው በዚያው ዓመት ክፍያው ከፍ ብሎ ሊያገኘው ይችላል፤ ባያድሰው ግን ከዚያ በላይ ከፍ ይል ነበር። የአዲስ ክዳን ዋናው ጥቅም በቅናሹ ሳይሆን፥ ጉዳት ሲደርስ ሙሉ ካሣ በማግኘትና ከሁሉም በላይ ጉዳቱ እንዳይደርስ በማድረጉ ነው።

በረዶ ወይም ዐውሎ ነፋስ ባለፈ ማግስት ደግሞ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ ክዳንህ ተጎድቷል፥ ኩባንያው ይከፍላል፥ አንተ ፈርም ብቻ የሚሉ ሰዎች ይነሣሉ። በፍሎሪዳ ባለቤቱ የካሣ መብቱን ለሠራተኛ በፊርማ የሚያስተላልፍበት ልማድ ብዙ ክርክር ስላስነሣ፥ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለሚገቡ የቤት መድን ውሎች በሕግ ቀርቷል። የሐሰት ጥያቄ ሲበዛ የሚከፍለው ኩባንያው ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ተበዳይና ቅኑ ጎረቤት ጭምር ነው።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በዳላስ፥ በሂውስተንና በዴንቨር ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው ይኖራሉ፤ በእነዚህም ከተሞች ምእመናን ከላባቸው አዋጥተው የገዟቸው ወይም ያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ዳላስና ዴንቨር በረዶ የሚበረታባቸው፥ ሂውስተንም ከባሕር በሚነሣ ዐውሎ ነፋስ የምትመታ ከተማ ናት። በአገር ቤት የሣር ክዳን ክረምት ሳይገባ እንዲታደስ፥ የቤተ ክርስቲያንም ጣራ ማፍሰስ ሳይጀምር እንዲጠገን የሚተጋ ሕዝብ፥ በባዕድ አገር ይህን ልማዱን ሊዘነጋው አይገባም። የደብር ገንዘብ ያዥ ከመብራትና ከመሥሪያ ዕቃ ወጪ ጋር ለክዳን ማደሻ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ለብቻው ቢያስቀምጥ፥ የመድኑንም ውል እንግሊዝኛ በሚያውቅ ልጅ አስነብቦ የክዳኑ ካሣ በሙሉ ዋጋ ነው ወይስ ዕድሜው ተቀንሶ ብሎ ቢጠይቅ፥ የምእመናኑን አደራ ጠበቀ ማለት ነው።

ክዳኑን ያደሰ ሰውም ሥራው በዚያ አላበቃም። የሠራተኛውን ደረሰኝ፥ ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠውን የሥራ ፈቃድና የክዳኑን ፎቶግራፍ አኑሮ ለኩባንያው ማስታወቅ አለበት፤ ያልተነገረው ኩባንያ በመዝገቡ ላይ ያለውን አሮጌውን ክዳን እያየ ማስከፈሉን ይቀጥላልና። በፍሎሪዳ የነፋስ መከላከያ ምርመራ ወረቀት፥ በአላባማም የተጠናከረ ቤት ምስክር ወረቀት የሚያገለግሉት ለ5 ዓመት ስለ ሆነ፥ ዘመናቸው ሲያልፍ ማሳደስ ያስፈልጋል።

በጠቅላላው የክዳን ነገር የሦስት ወገኖች አደራ ነው። ባለቤቱ ጣራውን ቀና ብሎ ማየትና ውሉን ማንበብ አለበት። ኩባንያው የካሣውን ልክ በመጨረሻው ገጽ ደብቆ ሳይሆን በመጀመሪያው ገጽ፥ ሰው ሁሉ በሚያስተውለው ቃል ሊጽፍና ክዳኑን በዕድሜው ሳይሆን በጥንካሬው ሊመዝን ይገባዋል። የመንግሥት ሹም ደግሞ ደንብ ያወጣል፥ ምስማሩ እንጨቱን መያዙን ያስመረምራል፥ ዐቅም ያጣውንም ይረዳል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ አደራውን ቢጥል የሁለቱ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ዐውሎ ነፋሱ የሚገባው በተከፈተው ቀዳዳ ነውና። ቅናሽና ቅጣት ያወጡ ግዛቶች የነገሩን ግማሽ ሠርተዋል። የቀረውን ግማሽ የሚፈጽሙት፥ ክዳኑ ያረጀበትን ድኻ ከመድን ከማስወጣት ይልቅ ክዳኑን አሳድሰው ከመድኑ ውስጥ እንዲኖር ያደረጉት ናቸው።